ዳዊት ደጋሚዎች፦ የዕለት ንባብ እንዴት የክርስቲያን ኑሮ ሆነ

በየቀኑ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ማንበብ ወሬ ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ማተሚያ ቤት፣ የሚስዮን ትምህርት ቤትና በኪስ የሚያዝ የአማርኛ ሐዲስ ኪዳን ነው። በዚህ አስተሳሰብ የኢትዮጵያ ምእመን ለዘመናት መጽሐፉን የተሳለመ እንጂ ያነበበ አልነበረም፤ ንባቡ ለካህኑ፣ መሳለሙ ለሕዝቡ ተከፍሎ ኖረ፤ የዕለት ንባብ የሚባለው ነገር ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው፤ ከዚያ በፊት ሰማንያ አሐዱን ሁሉ በቤቱ ያኖረ ተራ ምእመን ነበር ብሎ የሚከራከር የለም። የቀረው ግማሽ ግን አያስኬድም። ከዘፍጥረት እስከ ራእይ የተጠረዘው አንድ መጽሐፍ ከመምጣቱ ብዙ መቶ ዓመት አስቀድሞ ከቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ወደ ቤት ገብቶ፣ ከሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ለሰኞም ለማክሰኞም ተከፋፍሎ ይነበብ ነበር። ያም ዳዊት ነው። የዚህ ልማድ ታሪክ የሚያሳየን ደግሞ ከራሱ ከዳዊት ያለፈ ነገር ይመስለኛል፦ ንባብን የዕለት ኑሮ የሚያደርገው የመጽሐፉ ሙሉነት አይደለም፤ የቋንቋው ቅርበትም ብቻውን አይበቃም። ለእያንዳንዱ ቀን የተቆረጠና ሁሉም የሚያውቀው ድርሻ ነው።

ዳዊት ተብሎ የሚጠራው ጥራዝ መዝሙራቱን ብቻ የያዘ አይደለም። ከ150ው መዝሙርና ከአጭሩ 151ኛ ቀጥሎ የሙሴ፣ የሐና፣ የዮናስ፣ የሕዝቅያስና የሠለስቱ ደቂቅ ያሉበት ጸሎተ ነቢያት ይመጣል፤ ከዚያ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን፣ በስተመጨረሻም ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን። መዝሙራቱ በአሥር በአሥር ይቆጠራሉ፤ አሥሩ አንድ ንጉሥ ይባላል፤ መላው መዝሙር 15 ንጉሥ ነው። ይህ በሳምንቱ ላይ ይደለደላል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ ደግሞ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነውና ቀኑን የሚያውቅ ሰው ገጹን ያውቃል። መዝሙሩን በሳምንት አንድ ጊዜ መጨረስ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ በ6ኛው ምዕተ ዓመት በኢጣልያ የኖረው ቤኔዲክቶስም ለመነኮሳቱ ያዘዘው ይህንኑ ነው። መነሻው በሁለቱም ዘንድ ገዳም ነው። በገድሎቻችን ዳዊቱን በአንድ ቀን የሚያደርሱ አባቶች ተደጋግመው ይነሣሉ። ለእኛ ታሪክ ቁም ነገሩ የገዳሙ ሥርዓት በሳምንት ልክ ተመጥኖ እርሻ፣ ልጅና ሙግት ላለበት ሰው እጅ መድረሱ ነው።

እንዴት ደረሰ ቢሉ መልሱ ያለው በንባብ ቤት ነው። ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ ልጅ በየኔታ ፊት ተቀምጦ የዮሐንስን መልእክት፣ ቀጥሎም ወንጌሉን ይጀምራል፤ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ እየተመላለሰ አጣሉን፣ ማንሣቱን፣ ማጥበቁን ይለምዳል፤ ጉዞው የሚያበቃው በዳዊት ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ ለቤተሰቡ ኩራት ነው፤ ድግስም ይደገስለታል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ጥቂቶቹ ወደ ዜማ፣ ወደ ቅኔ፣ አልፎም ወደ ትርጓሜ ቤት ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹ ግን ወደ አባታቸው ርስት፣ ወደ ጌታ ቤት አሽከርነት ወይም ወደ ወታደርነት ይመለሳሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ የሚከተሉት የመጀመሪያዎቹን ነው፤ ቅኔውንና ትርጓሜውን ያፈሩት እነሱ ናቸውና አይፈረድባቸውም። የልማዱ ታሪክ ያለው ግን ከሁለተኞቹ ዘንድ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ዳዊት የመጨረሻው የተማሩት መጽሐፍ፣ ሳይደናቀፉ የሚያነቡትም ብቸኛው መጽሐፍ ነው። ንባባቸውን እንዳይረሱ የሚያደርጋቸው ያው በየጠዋቱ እህል ሳይቀምሱ የሚያደርሱት የዕለት ድርሻ ነበር። ትምህርት ቤቱ ልማዱን ወለደ፤ ልማዱ ደግሞ ትምህርቱን ዕድሜ ልክ አቆየው።

የዚህ ሁሉ ምስክር ራሱ ብራናው ነው። ከኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሁሉ በብዛት የሚገኘው ዳዊት ነው፤ በአገር ውስጥ ገዳማትም በውጭ ቤተ መጻሕፍትም ያሉ ካታሎጎችን የገለጠ ሰው ይህን ሳያስተውል አያልፍም። አሠራሩም የተሠራበትን ምክንያት ይናገራል። ስንክሳሩና ወንጌሉ በአትሮንስ ላይ ተዘርግተው በማኅበር ፊት የሚነበቡ ትልልቅ ጥራዞች ሲሆኑ፣ ብዙው ዳዊት በአንድ እጅ የሚያዝ፣ በቆዳ ማኅደር ገብቶ በጠፍር የሚነገት መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው እያንዳንዱን ቤት በአዲስ መስመር ይጀምራል፤ ቃሉ ከመስመሩ ቢተርፍ ወደ ታች ከማውረድ ፊደሉን አሳንሶ እዚያው ጠርዝ ላይ ይጨምቀዋል፤ ይህም የአንባቢው ዓይን እንዳይጠፋበት ነው። በብዙ ዳዊቶች በየአሥሩ መዝሙር መካከል ሐረግ ይሳላል፤ በቅጠሎቹ ጠርዝ ላይም ባለ ቀለም ክር ተሰፍቶ ይገኛል። ለጌጥ ብቻ ነው ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን ጌጡ ያረፈው አንባቢው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። በጸሎቶቹ መካከል የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይገባል። በአንድ ዳዊት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ የተፋቀ ስም ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ንብረት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ፍቀት አያስፈልገውም ነበር።

ከአገር የወጣ ኢትዮጵያዊም ይዞት የሚወጣው እሱኑ ነበር። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን ሮም ላይ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ሲጸልዩ ሰምቶ ከሚያውቃቸው ስሞች በቀር ምንም አልገባ ቢለው ከመካከላቸው ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከሚባል መነኩሴ ዘንድ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1513ም በግዕዝ ፊደል የታተመውን የመጀመሪያ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ ዳዊት ነበር፤ ጸሎተ ነቢያቱና መኃልየ መኃልዩም አብረው አሉበት። ፖትከን ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ተሳስቷል፤ የመጽሐፉን ምርጫ ግን አልተሳሳተም፤ ተሳላሚዎቹ በእጃቸው የያዙትን ነው ያተመው። ሌላ ምስክር ልጥራ፤ ምስክርነቱ ቢያከራክርም። በሐተታው የሚታወቀው ዘርዐ ያዕቆብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከአሳዳጆቹ ሲሸሽ ይዞት የወጣው ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ነው፤ በዋሻም የሚጸልየው በእርሱ ነው። ሐተታው በእርግጥ የ17ኛው ምዕተ ዓመት ሥራ ነው ወይስ በ19ኛው መካከል ኢትዮጵያ የኖረው የኢጣልያው መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የደረሰው ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ለእኛ ጉዳይ ግን የትኛውም ቢረታ ልዩነቱ የዘመን ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ማንም ይሁን ማን፣ የተማረ ኢትዮጵያዊ ነፍሱን ሊያድን ሲሮጥ ዳዊቱን አንሥቶ ይሮጣል ብሎ ሲጽፍ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ተቃውሞ ግልጽ ነው፦ ስንት ሰው ነበር እንዲህ የሚያነበው? ጥቂት። ይህን መሸፋፈን አይገባም። ብራና ውድ ነው፤ ለአንድ ዳዊት የብዙ ፍየል ቆዳና የወራት ድካም ይጠይቃል። ከገበሬው ብዙው ፊደል አልቆጠረም፤ ሴቶች ልጆች ከንባብ ቤት ውጭ ነበሩ፤ እንደ እቴጌ ጣይቱ ያሉ ማንበብ የቻሉት በወገናቸው ዕድል ያገኙ ናቸው። ነገር ግን ልማድ የሚለካው በሚፈጽሙት ሰዎች ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ሌላው የሚፈጽሙትን እያየ ምን እንደሚመኝም ይቆጠራል። ዳዊት ደጋሚ በየመንደሩ ይታወቃል፤ ሰው ሲያጣጥር ይጠራል፤ ሬሳ በሚያድርበት ሌሊት ዳዊት ይደገማል፤ በቅዳሴም ከወንጌል በፊት በዜማ የሚሰበከው ምስባክ ከመዝሙሩ የተወሰደ ነው። ፊደል ያልቆጠረው ሰው ከመጽሐፍ ቅዱስ ሁሉ አብዝቶ የሰማው ዳዊትን ነበር ብንል ብዙ አንሳሳትም። ፍትሐ ነገሥት በቀን ሰባት ጊዜ መጸለይን ለክርስቲያን ሁሉ ሲያዝ በኑሮ የፈጸሙት ጥቂቶች ቢሆኑም፣ የተቀረው ሰው ጸሎት ምን እንደሚመስል ያየው በእነሱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። አነበቡ እንጂ አልገባቸውም፤ ግዕዝ ነውና፤ ያልገባ ንባብ ደግሞ የከንፈር ሥራ ነው ይባላል። ይህን ክስ ያቀረቡት የውጭ ሚስዮናውያን ብቻ አይደሉም፤ የትርጓሜ ሊቃውንትም በንባብ ብቻ የቀሩትን ሲተቹ ኖረዋል። የአንድምታ ትርጓሜ በአማርኛ መሰጠቱ ራሱ ንባብ ብቻውን እንደማይበቃ የታመነ መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ ክሱን በከፊል መቀበል ግድ ነው፤ ሙሉውን ግን አይደለም። ግዕዝና አማርኛ እጅግ ብዙ ቃል ይጋራሉ፤ መዝሙር ደግሞ በባሕርዩ አንዱን ሐሳብ በሁለት ቃል የሚመልስ ድርሰት ስለሆነ የመጀመሪያው ሐረግ ያልገባው አንባቢ ከሁለተኛው ያገኘዋል። ድግግሙንም አስቡት፦ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚያደርስ ሰው በዓመት 52 ጊዜ፣ በ40 ዓመት ከ2,000 ጊዜ በላይ ያንኑ መዝሙር ያነባል። በመጀመሪያው ዓመት ድምፅ ብቻ የነበረው ቃል ይህን ያህል ሲመላለስ፣ በቅዳሴ ሲሰማ፣ በስብከት ሲተረጎም፣ በኀዘን ሲነበብ ድምፅ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የቤተ እስራኤል ካህናትም ያንኑ የግዕዝ መዝሙር ሲጸልዩበት ኖረዋል፤ ቋንቋው በገበያ የማይነገር መሆኑ ጸሎታቸውን ባዶ አደረገው የሚል ሰው ብዙ ማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል። የመረዳቱ መጠን ከሰው ሰው ይለያይ ነበር፤ በአገሩ ቋንቋ በሚያነብ ሕዝብ ዘንድም እንዲሁ ነው።

ዳዊት ለአስማት ውሏል የሚለውም እውነት ነው። የትኛው መዝሙር ለየትኛው ጉዳይ፣ ለራስ ምታት ይሁን ለዳኛ ፊት፣ እንደሚደገም የሚዘረዝር ገቢር ነበር፤ አለም። በግዕዙ አቆጣጠር 108ኛው መዝሙር በጠላት ላይ የተደገመበት ጊዜ ጥቂት እንደማይሆን መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ሰው የሚጠነቁለው አስቀድሞ ባከበረው ነገር ነው፤ ከትራስ ሥር መጽሐፍ ቅዱስ አድርጎ የሚተኛው የዛሬ ሰው መጽሐፉ አማርኛ ስለሆነ ከዚህ አልዳነም።

ከሁሉ የሚበረታው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ መዝሙር መጽሐፍ ቅዱስ ሁሉ አይደለም። በቤቱ ዳዊት የደገመ ሰው ወንጌልን የሚሰማው በግጻዌ ሥርዓት በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ነቢያቱን ከዚያም ያነሰ፤ የጳውሎስን ክርክር ተራ በተራ የመከተል ዕድል አልነበረውም። እዚህ ላይ የአማርኛው ትርጉም ያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው፤ ታሪኩም ሊነገር ይገባዋል። አቡ ሩሚ የተባለ የጎጃም ሰው ኢየሩሳሌምንና ብዙ የምሥራቅ አገሮችን ዞሮ በእርጅናው ካይሮ ላይ ታሞ ሳለ በዚያ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም የነበረው አስሊን ደ ሼርቪል አገኘው፤ አስታመመውም። ሁለቱ ከ1808 አካባቢ ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለእንግዳ ሁሉ ዘግተው ከዐረብኛው እያንዳንዱን ቁጥር እያነበቡ፣ የከበደውን ከሌሎች ትርጉሞች ጋር እያስተያዩ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱት። የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ነበር። አቡ ሩሚ ብዙም ሳይቆይ በወረርሽኝ ሞተ፤ ጽሑፉን በ1820 ዊልያም ጆዌት ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው በ1840 ታተመ። ያን ታላቅ ሥራ የተሸከመው የሳምንት ሁለት ቀን ቀጠሮ መሆኑን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ከ1830 ጀምሮ ሳሙኤል ጎባት ወንጌሎቹን ይዞ ትግራይና ጎንደር ሲገባ የተቀበሉት እነማን ነበሩ? ማንበብ የሚችሉት፤ እነሱም በዳዊት ያለፉት ናቸው። አዲሱ መጽሐፍ ባዶ መሬት ላይ አልወደቀም፤ አንባቢውን ያዘጋጀው ከሳሾቹ የከንፈር ሥራ ያሉት ልማድ ነው።

ሆኖም ሙሉው መጽሐፍ ሲመጣ ድርሻውን ይዞ አልመጣም። ጥራዙ ትልቅ ነው፤ ሰኞ ምን እንደሚነበብ አይናገርም፤ በጉጉት ከዘፍጥረት የጀመረ ሰው ዘሌዋውያን ላይ ሲደክመው የሚያነሣው የለም። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር እንዳልሆነ የሚያስረዳው ስኮትላንድ ነው። የዚያ አገር ሕዝብ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በሚያውቀው ቋንቋ ታትሞ ከደረሰው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1842 የዳንዲው ሰባኪ ሮበርት መሪ መክቼን ለምእመናኑ በዓመት ብሉይን አንድ ጊዜ፣ ሐዲስንና መዝሙርን ሁለት ሁለት ጊዜ የሚያስጨርስ የየዕለት ድልድል ማዘጋጀት አስፈለገው። ቋንቋውም ሙሉነቱም ሳይጎድል ድርሻው ጎድሎ ነበር። መክቼን ከድልድሉ ጋር አደጋውንም ዘርዝሯል፤ ንባቡ ወግ ብቻ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል፣ ሸክም እንደሚበዛበት፣ ያነበበ ሰው ራሱን እንደሚያመጻድቅ። ዳዊት ደጋሚዎች የተከሰሱበት ነገር ሁሉ ማለት ነው። ክሱ በግዕዝም በእንግሊዝኛም እኩል የሚሠራ ከሆነ፣ ጥፋቱ የቋንቋ ነው ማለት ይከብዳል።

በአገራችን የወንጌላውያን ታሪክም ተመሳሳይ ነገር ይነበባል። በጣልያን ወረራ ጊዜ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1937 ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተዉት ከ50 ያልበለጡ የተጠመቁ አማኞችንና በቋንቋቸው የተዘጋጁ ጥቂት የመጽሐፍ ክፍሎችን ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ምእመናኑ በሺዎች ሆነው ጠበቋቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ 5,000 ያህል የነበሩት አባላት በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተገናኙ ሲያጠኑ ቆይተው በ1991 ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። ይህን ሁሉ ዕድገት በንባብ ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ስደት፣ ዝምድና፣ የዘመኑ ጭንቀትም የየራሳቸውን አድርገዋል። ነገር ግን ማኅበሩን ያቆመው ግዙፉ ጥራዝ አልነበረም፤ ሰው ሊሸከመው የሚችል፣ ለዛሬ የሚበቃ፣ ጎረቤቱም የሚያውቀው ቁራጭ ነው። በዚህ ረገድ የወላይታው ምእመንና ማኅደር ያነገተው የጎንደር ሽማግሌ አንዱ ሌላውን ከሚገምተው በላይ ይቀራረባሉ። ሁለቱም ወገኖች ይህን ንጽጽር ላይወዱት ይችላሉ።

ዛሬ ግዕዙንና አማርኛውን ጎን ለጎን ያደረገ፣ በየዕለቱ የተከፈለ ዳዊት በየመንፈሳዊ መጻሕፍት መሸጫው ይገኛል፤ ለማስተዋል ጥያቄ የተሻለው መልስም እሱ ነው። ድልድሉን ከዚያ ወስዶ በሌላ መጽሐፍ ቅዱስ የሚከተል አንባቢ ግን አንድ ነገር ያጋጥመዋል። ግዕዙ እንደ ሰብዓ ሊቃናት በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ የሆኑትን መዝሙራት አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ የዕብራይስጡን አቆጣጠር በተከተሉ መጽሐፍ ቅዱሶች ከ10 ጀምሮ እስከ 147 ድረስ ቁጥሩ ይፋለሳል፤ የሚገጥመው እንደገና በ148 ነው። የሰኞው ድርሻ በእነዚህ መጻሕፍት የሚያልቀው በ31 ነው፤ በ30 ያቆመ ሰው የሰኞን የመጨረሻ መዝሙር፣ ክርስቶስ በመስቀል ላይ ነፍሱን ለአባቱ አደራ ሲሰጥ የተናገረው ቃል ያለበትን፣ ለማክሰኞ ያስተላልፈዋል።